የባለቢጫ ካፖርቷ ቅንድብ

የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም አባ ንጹህ ነው። ስሙ የወጣለት ገላ መታጠብ ስለሚወድ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ሸሚዝ ሦስት ቀን የሚለብስበት ጊዜ ነበር። በአንድ የፋሽን ፎቶግራፍ ስቱዲዮ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራው ሥራ ሪታች የሚሉት ነው። ፊልም ላይ ያረፈ አቧራ፣ ስፌት ላይ የተረሳ ክር፣ የቆንጆ ሴት አገጭ ላይ በማይሆን ቀን የወጣ ብጉር፣ ሁሉንም በቀጭን ብሩሽ እየለቀመ ያጠፋል። እሱ ጨርሶ ያስረከበው ፎቶ ላይ ነቁጥ የሚያገኝ ሰው ገና አልተወለደም ይባል ነበር። ይህ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይስቃል እንጂ፣ ኧረ አይደለም ብሎ አያውቅም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ሚስቱ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ ነቁጥ ፍለጋ የወጣው።

የድሮ ፋሽን ፎቶ የሚሰበስቡ ሰዎች ጠባያቸው ይታወቃል። ቁጥሩ የተወሰነ፣ ፎቶ አንሺው በእርሳስ የፈረመበት ቅጂ ይፈልጋሉ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ካገኙ ይበቃቸዋል፣ ወደ ሌላው ያልፋሉ። አባ ንጹህ ግን የሚፈልገው አንዱን ፎቶ፣ ከዚያም ያንኑ፣ ከዚያም እንደገና ያንኑ ነው። ባለቢጫ ካፖርቷን።

ፎቶው ላይ አንዲት ወጣት የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆማለች። ነፋሱ ባርኔጣዋን ሊወስድባት ስለሆነ በአንድ እጇ ይዛዋለች። ያን ጊዜ የቀለም ፎቶ ብርቅ ነበርና ፎቶ አንሺው ቀለም ላይ አይሰስትም፤ ካፖርቷ ቢጫ፣ ከኋላዋ ያለው በር ቀይ፣ ጓንቷ አረንጓዴ። ልትስቅ ትንሽ ነው የቀራት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሥራዋም ሞዴልነት። በሚቀጥለው ዓመት አባ ንጹህን አገባች፣ ትንሽ ቆይታም ሥራውን ትታ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች።

መጽሔቱ በጊዜው ሌላ ፎቶ መረጠና የካፖርቱ ፊልም ሃያ ዓመት ካርቶን ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ ሰው የድሮ ፋሽን ፎቶዎችን ግድግዳው ላይ መስቀል ሲጀምር፣ ያረጀው ፎቶ አንሺ ከፊልሞቹ አሥራ አራቱን መረጠ። ከእያንዳንዱ ሠላሳ ቅጂ ይታተማል፣ ሠላሳ አንደኛ የሚባል አይኖርም፣ ፊልሙም ከዚያ በኋላ ይቃጠላል አለ። እንዳለውም አደረገ። ለአባ ንጹህም የረጅም ዘመን ባልደረባው ነውና ከአሥራ አራቱ አንዳንድ ቅጂ በነጻ ሰጠው። ትልቅ ስጦታ ነበር።

አሁን ወደ ነቁጧ እንምጣ። ሚስቱ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ጠባሳ ነበረባት። የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ፀጉር የማይበቅልባት፣ ነጣ ያለች መስመር ናት። የካፖርቱ ፊልም ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ አባ ንጹህ ሦስት ቀን አቀርቅሮ አጠፋት። አጥፋ ያለው ሰው አልነበረም። ፎቶ አንሺው ስለ ጠባሳዋ ትንፍሽ አላለም፣ ሴትዮዋም ያኔ ካገባት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሚስቱ ናት። እጄ ለምዶበት ነው፣ ሳላስበው ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። እኔ ግን አላምነውም። ሳያስበውማ ሦስት ቀን አይቀመጥም። የሚወዳትን ሴት እንከን የለሽ አድርጎ ለሠላሳ ግድግዳ መላክ አኩርቶታል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ቤትም ውስጥ ያው ነው። የሠርጋቸው ፎቶ፣ የልጃቸው ልደት፣ የባሕር ዳርቻው፣ አንድም ሳይነካ አልቀረም። አንዴ ለፓስፖርቷ የተነሳችውን እንኳ አጽድቶ ሰጣትና፣ የቢሮው ሰውዬ ፎቶውንና ፊቷን እያፈራረቀ አየና "እመቤቴ፣ እህትዎ ራሷ ትምጣ" ብሎ መለሳት። ቤተሰቡ ሲተርከው የሚኖረው ሳቅ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ወፍራም ጠርዝ ያለው መነጽር አደረገች፤ ጠባሳዋን መነጽሩ ሸፈናት።

ከሞተች በኋላ አንድ ጠዋት አልጋውን ሲያነጥፍ ድንገት ያቺን ጠባሳ ማየት አማረው። እንዲሁ አማረው። አልበሙን አወጣ፣ ሁሉንም አገላበጠ፣ የትም የለችም። ከአልበሙ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ የምትታየው ሴት ቆንጆ ናት፣ ግን አጠገቡ ስትተነፍስ ያደረችው ሴት አይደለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሆድ ባሰው። ናፍቆቱ ያለ ልክ በረታበት። ሰው የሞተበት ሰው ድምፅ ይናፍቀዋል፣ ኮቴ ይናፍቀዋል፤ እሱ ደግሞ በገዛ ብሩሹ ያጠፋት የሩዝ ፍሬ ናፈቀችው።

በዚህ መሀል ነው የቀለም አታሚው ነገር ትዝ ያለው። አታሚው አሁን በሕይወት የለም፤ ያኔ ግን ሠላሳውን ቅጂ ያተመው እሱ ነው። ፊልሙን ወደ አባ ንጹህ ሲያመጣ "ቀለሙን ለመሞከር አራት ቀድሜ አውጥቻለሁ፤ ፎቶ አንሺው ወዷቸው ከሠላሳው ጋር ይቆጠሩ ብሏል" ብሎት ነበር። ስለዚህ ከሠላሳው አራቱ ብሩሽ ሳይነካቸው የወጡ ናቸው። ጠባሳዋ እነዚያ ላይ አለች። ችግሩ ፎቶ አንሺው ቁጥሩን የጻፈው ክምሩን ደባልቆ፣ እጁ እንደመጣለት መሆኑ ነው። ቁጥር ሁለት መጀመሪያ የታተመ ነው፣ ቁጥር ሠላሳ መጨረሻ ነው ማለት አይቻልም። ማየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የራሱን ቅጂ ከመሳቢያው አወጣ፣ ቁጥር ዘጠኝን። አጉሊ መነጽሩን ግራ ቅንድቧ ጫፍ ላይ አስቀመጠና አጎነበሰ። ምንም የለም። ቆዳው ልሙጥ፣ ቅንድቡ ሙሉ፤ የብሩሽ ዱካ እንኳ አይታይም። ተናደደም፣ ኮራም። "ምን ዓይነት እጅ ነበረኝ!" አለ ለብቻው።

ከዚያ ወደ ባለጋለሪዋ ሄደ። ይህች ሴት የድሮ ፎቶ የምትሸጥና የምታለዋውጥ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሱ የማታይ ሰው ናት። የሚፈልገውን ሲነግራት ትክ ብላ አየችው።

"ባለካፖርቷን በባለካፖርቷ ሊለውጡ?"

"አዎ። ሌላ ቁጥር።"

"የትኛውን ቁጥር?"

"የትኛውም ይሁን። ይቺ ያልሆነችውን።"

እሷ የሰው ጉዳይ ውስጥ አትገባም። ባለንብረቶቹን እንዲሁ ተለዋወጡ ብላ ማስቸገር ስለማትችል ግን ምራቂ ያስፈልጋል አለችው። አባ ንጹህ ምራቂ ነበረው፤ ቀሪዎቹ አሥራ ሦስቱ ስጦታዎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ቁጥር ዘጠኝንና የነጭ ጓንቶቹን ፎቶ ሰጥቶ ጋለሪው ውስጥ የነበረችውን ቁጥር አሥራ አራትን ወሰደ። ግራ ቅንድቧን አየ፣ ልሙጥ። ቁጥር አሥራ አራትንና የባቡር ጣቢያዋን ሴት ሰጥቶ ቁጥር ሦስትን ወሰደ። ልሙጥ። እንዲህ እያለ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ቅጂ ገብቶ ሰባት ወጣ፣ መሳቢያውም እየሳሳ ሄደ። አዲስ ቅጂ ሲመጣ ቶሎ አያየውም። እጁን ይታጠባል፣ መጋረጃውን ያስተካክላል፣ ወንበሩን ይስባል። ያቺ ሰዓት ለሱ ሚስቱን ጣቢያ ቆሞ የመጠበቅ ያህል ነበረች። ከዚያ ያያል፣ ከዚያም አጉሊ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር?

ነገሩ የፈላው አንድ እሑድ ነው። ልጁ የጥርስ ሐኪም ናት፤ እሑድ እሑድ እየመጣች ቤቱን ገልብጣ አስተካክላለት ትሄዳለች። ያን ቀን መጥታ አረፍ ሳትል ትልቁን ጠፍጣፋ መሳቢያ ሳበች። ግማሹ ባዶ ነው። የታችኛውንም ሳበች።

"አባዬ፣ ቀይ ጃንጥላዋ የት ሄደች?"

"የቷ ጃንጥላ?"

"የቷ ጃንጥላ ትለኛለህ? ለክሊኒኬ የሰጠኸኝ ፎቶ ናታ! ፍሬም ሠሪው ነገ ይጠብቀኛል።"

አባ ንጹህ መሐረብ የሚፈልግ ይመስል ኪሱን ዳበሰ። "ተለወጠች።"

"በምን?"

ወደ ጠረጴዛው በአገጩ አመለከታት። ጠረጴዛው ላይ በስስ ወረቀት ተሸፍና እናቷ አለች፣ በቢጫ ካፖርቷ።

"ይቺማ ድሮም ነበረችህ!"

"ይቺ አልነበረችኝም። የኔ ዘጠነኛዋ ነበረች። ይቺ ሃያ ሁለተኛዋ ናት።"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ቁጥሩ።"

ልጁ ቀኑን ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያቃስት የምትውል ሴት ናት፤ በቀላሉ አትደነግጥም። አሁን ግን ክው አለች። አባቷ የሳተ መሰላት። ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠችና ሥራ ቦታዋ በምትጠቀምበት ለስላሳ ድምፅ፣ "አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለችው።

"እሑድ ነው፤ አላበድኩም! ባብድ ኖሮ ለአንቺ በር አልከፍትም ነበር።"

ከዚያ ነገራት። ስለ አልጋው፣ ስለ አልበሙ፣ ስለ አራቱ ቅጂዎች። ሲነግራት ዓይኗን አላያትም፤ የካፖርቱን ስስ ወረቀት ጠርዝ በጣቱ እያስተካከለ ነው የተናገረው። ልጁ ቀይ ጃንጥላዋን ረሳች። እሷም እኮ እናቷ ሞታባታለች።

"ጠባሳዋን" አለች ቀስ ብላ። "ቀኝ ቅንድቧ ላይ ያለችውን።"

"ግራ ቅንድቧ ላይ።"

"ቀኝ ነው አባዬ። ልጅ ሆኜ ስታስተኛኝ ጣቴን እዚያች ላይ ካላሳረፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።"

"ልጅ ነበርሽ፣ ተምታቶብሽ ነው። እኔ ነኝ በእጄ ያጠፋኋት! ሦስት ቀን ሙሉ!"

"እኔም የሰው ፊት እያየሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። የበሽተኛዬን ግራና ቀኝ የማልለይ ብሆን ስንት ደህና ጥርስ በነቀልኩ!"

"አንቺ ጥርስ ነው የምታውቂው፣ እኔ ግን ሚስቴን ነው የማውቀው" አለና ብድግ አለ። ደሙ ፈልቷል። ላሳይሽ ብሎ የድሮ መሥሪያ መብራቱን፣ ከሥሩ ብርሃን የሚበራውን የመስታወት ጠረጴዛ፣ ከነአቧራው አወጣ። የካፖርቱ ፊልም ተቃጥሏል፤ ግን ፊልም እንዴት እንደሚታይ፣ ዓይኑ እንዴት እንደማይሳሳት ሊያስረዳት ፈለገ። ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እጁ የገባለትን አንድ ትልቅ ፊልም መዘዘ። ፊልሙ ላይ ያለችው ልጁ ራሷ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማ። እንደ ልማዱ ፊልሙን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ አስተኛውና መብራቱን አበራ።

"ይኸው። እንዲህ ነው የምሠራው። ሠላሳ አምስት ዓመት።"

ልጁ አጎነበሰችና ሳቀች። "አባዬ፣ ተገልብጧል እኮ። የትምህርት ቤቱ ስም ወደ ኋላ ነው የሚነበበው።"

"እንዲህ ነው እንጂ የሚቀመጠው፤ ፊልም ሁለት ፊት አለው። የሚያብረቀርቀው ቀለም አይዝም፣ ብሩሽ የሚቀበለው ደብዛዛው ፊቱ ነው። ስለዚህ ደብዛዛውን ወደ ላይ ታደርጊና..."

እዚህ ላይ ቆመ።

ይህን የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ደብዛዛው ፊት ወደ ላይ ሲሆን ፎቶው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ እንደሚሆን ማንም የሪታች ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። አባ ንጹህም ለስንቱ አስተምሯል። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠባሳዋ ግራ ናት ብሎ የሚምለው ሚስቱ ፊት ላይ አይቷት አይደለም፤ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተገለበጠው ፊልም ላይ አይቷት ነው። አርባ ሦስት ዓመት አንድ ገበታ ላይ ቀርበዋል። አንድ ትራስ ላይ ተኝተዋል። ዓይኑ ግን የያዘው ሦስት ቀን ያጎነበሰበትን ፊልም ነው። ለሞቱ ሰዎች ይቅርታ መጠየቂያ መንገድ ቢኖር ያን ሰዓት በሮጠበት ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ቅስሙ ተሰብሮ።

ልጁ ገባት።  አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ ቁጥር ሃያ ሁለትንም ወደ ፊቱ ሳበችለት። አባ ንጹህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ ቅንድቧ ላይ አጎነበሰ። እዚያ ጫፉ ላይ ቆዳው ከሌላው ቦታ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይበልጥ ለስልሷል። የገዛ እጁን አወቀው። ከአራቱ አይደለችም።

"ሌሎቹስ?" አለች ልጁ። "የለወጥካቸው ሰባቱ?"

"ሁሉንም በግራ ነው ያየኋቸው" አላት። "አንዷ ብትሆንስ? በገዛ እጄ ይዤያት፣ በገዛ እጄ ሸኝቻት ቢሆንስ?"

በማግስቱ ልጁ የጠዋት ቀጠሮዎቿን ሰርዛ አብራው ባለጋለሪዋ ዘንድ ሄደች። ባለጋለሪዋ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ለባለሀብት የሚሰበስቡ መስሎኝ ነበር!" ካለች በኋላ ደብተሯን አወጣችና ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። አባትና ልጅ ከፊቷ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ለቅሶም ሳቅም ነበሩ። "ቀኝ ቅንድቧ ላይ ምልክት ይኖር ይሆን?" ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት እየመሰለው ይደነግጣል። አንዱ ገና ሳያይ "የኔዋ ምንም የላትም!" ብሎ ጮኸ፤ እንዲያይ ተለምኖ አየና የለም አለ። አንዷ ግድግዳው ድረስ ሄዳ ተመልሳ የለም አለች። አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሁለቱ የለም አሉ። ባለጋለሪዋ በየመሀሉ አባ ንጹህን ቀና ብላ ታያለች፣ እሱም እያንዳንዱ "የለም" ሲመጣ በጨዋ ደንብ አንገቱን ይነቀንቃል። ስድስተኛው ስልክ የአንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። መጀመሪያ ስታነጋግረው ድምፅዋ ደክሟት ነበር። ከዚያ የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች።

"አዎ፣ ምልክት አለ፤ ምነው? ይላል።"

አባ ንጹህ ብድግ አለ። ልጁ በክንዱ ደገፈችው።

"ቁጥሯ ስንት ነው?" አላት።

ባለጋለሪዋ ጠየቀችና መልሱን ስትሰማ ደብተሯን ገልጣ አየች። "ዘጠኝ" አለች በመጨረሻ። "የርስዎ የነበረችው ናት። መጀመሪያ ያመጡልኝ። በግድግዳ ሰዓት የለወጥኩለት ነው።"

ሃያ አምስት ዓመት መሳቢያው ውስጥ ነበረች። ሚስቱ በሕይወት እያለች ከሳሎኑ አሥር እርምጃ ላይ፣ ከሞተችም በኋላ እዚያው። ከሠላሳው ውስጥ ማንም ሊወስድበት የማይችለውን ቅጂ ነው መጀመሪያ የሰጠው። ልጁ እጁን አጥብቃ ያዘችው። አላለቀሰም፣ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከአንድ ጫማ መሸጫ ጎን የገባ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ሆኖ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም። ሰውዬው በአባ ንጹህ ዕድሜ ነው፤ ግንባሩ ላይ የገፋት ትንሽ ማጉያ አለችው። ብቻውን የሚኖር ሰው መሆኑ ከሻይ ብርጭቆው ያስታውቃል፣ አንድ ብቻ ነው። አባ ንጹህ ቁጥር ሃያ ሁለትን በካርቶን አሽጎ በብብቱ ይዟል። በመንገድ ላይ ሲያሰላስል የመጣው ልመና ነበረው፣ እግሩ ሱቁ ውስጥ ሲገባ ግን ጠፋበት። ምክንያቱም ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ፣ እሷ አለች።

ማጉያም አላስፈለገውም። የሚያየውን ቦታ ካወቀ በቃ። ቀኝ ቅንድቧ ጫፍ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ቅንድቡ ተቋርጦ ነጥታ። እዚያው ነበረች። ልትስቅ ስትል ቅንድቧ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳ ኖሯል፣ ጠባሳዋም አብራ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ የሚቀልድ ፊት ይሆናል። ረስቶት ነበር። ሲጨቃጨቁ እንኳ የምታስቀው በዚህች ነበር፣ ይህንንም ረስቶት ነበር። ሁሉም ተመለሰ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም።

ሰዓት ሠሪው የራሱን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠለትና ራሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳችው። ሰውዬው እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ካርቶኑን ከፍታ ቁጥር ሃያ ሁለትን አሳየችው፤ ያው ፎቶ፣ ያው ፊርማ፣ እንዲያውም ቀለሙ የተሻለ ነው፣ በዚህ ለውጡን ብላ ለመነችው። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ወደ ዓይኑ አውርዶ ረጅም ጊዜ አየ።

"ቆንጆ ናት" አለ። "ግን ያለዚያች ምልክት ምን አደርጋታለሁ?"

"ያው እኮ ናት" አለች ልጁ።

"አይደለችም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። የባለጋለሪዋ ሱቅ ውስጥ ብዙ ቆነጃጅት ነበሩ፤ ሁሉም ልብሳቸውን ነው የሚያሳዩኝ። ይቺን ሳይ፣ ይቺ ልጅ ወድቃ ተነስታለች አልኩ። ለዚህ ነው የአባቴን የግድግዳ ሰዓት የሰጠሁባት።" ወደ አባ ንጹህ ዞረ። "ጌታዬ፣ ንብረትዎ እንደነበረች ሰምቻለሁ። ሚስትዎም መሆኗን ሰምቻለሁ። ልስጥዎ ብል ደስ ባለኝ፤ አልችልም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደህና አደርሽ የምላት እሷን ነው፤ ሌላ የምለው ሰው የለኝም። ግን በሩ ለርስዎ አይዘጋም። ሲናፍቅዎ ይምጡ፣ ወንበሩም የርስዎ ይሁን።"

ልጁ ተቆጥታ አንድ ነገር ልትመልስ ስትል አባ ንጹህ እጁን አነሳ። ሊቆጣ አልቻለም። ይህ ሰው ሚስቱን በሁለት ዓመት ውስጥ እሱ በአርባ ሦስት ዓመት ካያት የበለጠ አይቷታል፤ በምን አፉ ይሟገታል? ሰዓቶቹ በየፊናቸው ይቆጥራሉ። 

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ ሰዓት ሠሪው። "ከወሰድኳት ጀምሮ ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው። እርስዎ ያውቁታል። ምን ሆና ነው ጠባሳው የወጣባት?"

አባ ንጹህ አፉን ከፈተ። ለመመለስ ነበር የከፈተው፤ ባል ነዋ።  ወደ ኋላ ሄደ፣ ሠርጋቸው ድረስ ሄደ፣ መጀመሪያ ስቱዲዮ ደጃፍ ላይ ያያት ቀን ድረስ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። አቧራን ከየት መጣሽ የሚል ሰው የለም፤ ያጠፉታል እንጂ። እሷም ሳትጠየቅ አልነገረችውም።

ልጁን ቀና ብሎ አያት። ጣቷን እናቷ ቅንድብ ላይ አሳርፋ ስንት ሌሊት የተኛች ልጅ ናት፤ ዓይኗን ሲያይ እንደምታውቀው ገባው። "ንገሪው" ሊላት ጀመረና ተወው። ወንበሩን ወደ ሰዓት ሠሪው በርጩማ አስጠጋ።

"ለሁለታችንም ንገሪን" አላት።